ሃያ ሁለቱ ረድፍ

እሁድ። ለተከላው ሦስት ቀን ሲቀረው

ዛሬ የዘር ክፍሉን ከፍቼ፣ መደርደሪያው ላይ የተዘረጋውን የድንች ዘር ወደ ጆንያ መለስኩ። አስራ ሁለት ጆንያ ሆነ። አስራ አራት መሆን ነበረበት። በገዛ እጄ አስራ አራት ደርድሬ፣ በገዛ እጄ በሩን ቆልፌ ነው የወጣሁት። ደግሜ ለካሁ። ተንበርክኬ መደርደሪያው ሥር አየሁ። አይጥ ቢሆን ፍርፋሪ ይተው ነበር።

ለአባዬ አልነገርኩትም። ዓይኑ ብርሃንና ጥላ ብቻ መለየት ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ይህን ዘር ግን ከእኔም ከወንድሜም አብልጦ ያውቀዋል። ቀይ ልጣጭ፣ ወይን ጠጅ ቡቃያ፣ ወይን ጠጅ አበባ። አያቱ ለአባቱ፣ አባቱ ለእሱ ያወረሱት ነው። ሌላው ሰው ሁሉ ከገበያው ዘር ጋር ቀላቅሎ አጥፍቶታል፤ ንጹሑ የቀረው እኛ ቤት ነው። ሁለት ጆንያ ጠፋ ብለው እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም። ደግሞስ ጠባቂዋ ማን ነበረች? እኔ። የወንድሜ ሚስት ስትወልድ ልረዳት ብዬ ከተማ ሄጄ ሦስት ሳምንት የቆየሁት እኔ፣ ቁልፉን ምስማሩ ላይ ሰቅዬ የሄድኩትም እኔ።

ወንድሜ ከሰማማ አለቀልኝ። ከተማ አውቶብስ ይነዳል፤ እናታችን ካረፈች ጀምሮ «መሬቱን ለባለትራክተሩ አከራይተን እናንተም እኔ ጋ ግቡ» ይላል። አክስቴ ደግሞ፣ የአባዬ እህት፣ ላይኛዋ፣ ብትሰማ ከኮረብታዋ ላይ ቆማ ታጨበጭባለች። በእናቴ ለቅሶ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ይህች ልጅ ድንች መቀቀል እንጂ ማብቀል አይሆንላትም» ያለችኝ እሷ ናት። ስድስት ዓመት ሆነ። ደጇን ረግጬ አላውቅም፤ አልረግጥምም።

ጎደሎውን እሞላዋለሁ። ማንም ሳይሰማ።

ሰኞ። ሁለት ቀን ሲቀረው

ከገበያው የዘር ነጋዴ ሁለት ጆንያ ዘር አመጣሁ። ነጭ ነው። «ንጹሕ ነው፣ አትጠራጠሪ» አለኝ። አልተጠራጠርኩም፤ ቸኩዬ ነበር። በጓሮ በር አስገባሁት።

ረቡዕ። የተከላው ቀን

አለቀ! ወገቤ የኔ አይመስለኝም።

አባዬ እንደ ልማዱ ከማሳው ራስጌ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ዘሩን አንድ በአንድ በእጁ እየዳሰሰ አሳለፈልን። ቡቃያው የተሰበረውን ወደ ግራ፣ ደህናውን ወደ ቀኝ። ጎረቤታችን ሳቂታ ጋሪዋን ይዛ መጥታ ስትረዳን ዋለች። ስሟን ያወጣላት ሳቋ ነው፤ ሰው ቢሞት እንኳ ከንፈሯን ነክሳ ነው የምትቆመው። አስራ ሁለተኛው ጆንያ ሲያልቅ አባዬን «ደክሞሃል፣ ግባና ምሳህን ብላ» ብዬ እጁን ይዤ አስገባሁት። ሁለቱን ነጭ ጆንያዎች ያን ጊዜ አወጣሁና ቦዩ አጠገብ ያሉትን የመጨረሻ ረድፎች ተከልን። ሳቂታ ጆንያውን አየችው። እኔንም አየችኝ። ለአንድ ጊዜ እንኳ አልሳቀችም።

ማታ አባዬ ጠየቀኝ።

«ረድፎቹ ሁሉ ሞሉ?»

«ሞሉ።»

«ሁሉም? እስከ ቦዩ?»

«እስከ ቦዩ፣ አባዬ። መቶ ሃምሳ አራቱም።»

ጣቶቹን እያጠፈ ቆጠረ። አንድ ጆንያ አስራ አንድ ረድፍ ይወስዳል የሚለው ስሌት የሱ ነው፤ አስራ አራት ጆንያ፣ መቶ ሃምሳ አራት ረድፍ። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ዳቦውን ሳይጨርስ ተኛ። ደክሞት ይሆናል።

ሰኞ። ከተከላው 19ኛ ቀን

በቀለ። በመጀመሪያ ብቅ ያለው ቦዩ አጠገብ ያለው ነው። የኛው ገና አፈር እየሰነጠቀ ነው።

ዓርብ። 37ኛ ቀን

ስንኮተኩትና አፈር ስናስታቅፍ ዋልን። ቦዩ አጠገብ ያሉት ሃያ ሁለት ረድፎች ጉልበቴን አልፈዋል፤ ቅጠላቸው የሰባ፣ ወፍራም። የኛው ዘር ቁጥብ ነው፤ መጀመሪያ ሥሩን ሳይዝ አይነሳም። አንደኛው የቀን ሠራተኛ «እሜቴ፣ እነዚህን ምን አብልተዋቸው ነው?» ሲለኝ በኩራት ልመልስለት ትንሽ ቀረኝ። ሰው ምን ያህል ቂል ነው።

ሳቂታ መኮትኮቻዋን ተደግፋ «የዘንድሮ ማሳችሁ ጎደሎ የለውም» አለችኝ።

«ለምን ይጎድላል?»

«እኔ ምን አውቄ!» ብላ ሥራዋን ቀጠለች። አነጋገሯ አላማረኝም።

ቅዳሜ። 52ኛ ቀን

አበበ። ይኼንን አላሰብኩበትም ነበር።

የኛው ወይን ጠጅ አበባ ከላይ እስከ ታች ተዘርግቷል። ከቦዩ አጠገብ ያለው ግን ነጭ ነው፤ ሃያ ሁለት ረድፍ ነጭ። አባዬ አያይም። ሌላው ሰው ግን ያያል፤ አይቶም ለአባዬ ያወራል። ስለዚህ ማለዳ ጤዛው ሳይደርቅ ወጥቼ ነጩን አበባ ቀጠፍኩት። አበባ ሲቀጠፍ ጉልበቱ ወደ ፍሬው ይወርዳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ለዚያ ነው። ደንበኛ አሠራር ነው።

ሳቂታ በመንገድ ስታልፍ ሽርጤ አበባ ተሞልቶ አየችኝ። «ለማን ነው የምትለቅሚው? ባል መጣ እንዴ?» ሳቋ እስከ መንገዱ ማብቂያ ድረስ ይሰማ ነበር።

ሐሙስ። 57ኛ ቀን

አራተኛ ቀኑ፤ ዝናብ፣ ከዝናቡ በኋላ ጭጋግ። ቀትር ላይ እንኳ ቅጠሉ አይደርቅም። አባዬ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ አየሩን ያሸታል። «ይሄ አየር አላማረኝም፤ ድንች የሚያጠቁር የምች አየር ነው» አለ። አጽናናሁት። ማንን እንዳጽናናሁ እንጃ።

ቅዳሜ። 59ኛ ቀን

ጥቁር ነጠብጣብ። ከቦዩ በሦስተኛው ረድፍ። ቅጠሉን ስገለብጠው ጀርባው ነጭ ሻጋታ።

ቀጠፍኩና በኪሴ ደበቅሁት። ለምን እንደደበቅሁት አላውቅም።

ሰኞ። 61ኛ ቀን

ነጠብጣቡ ሃያ ሁለቱንም ረድፍ አዳርሶ ወደኛው ተሻግሯል። ከኛው ትናንት ስምንት ረድፍ፣ ዛሬ አስራ ዘጠኝ። ማሳው መሽተት ጀምሯል።

የግብርና ባለሙያዋን ጠራኋት። ቦቲ ጫማዋን አጥልቃ መጣች፤ ወጣት ናት፤ ቸኩላ የማትፈርድ። ረድፍ ለረድፍ ሄደች፤ ቦዩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«የጀመረው ከዚህ ነው» አለች። «ዘሩ ከየት ነው የመጣው?»

ማሳው ራስ ላይ አባዬ በበትሩ ተደግፎ ቆሟል። ጆሮው እንደ ዓይን ነው።

«ከቤት ነው» አልኳት።

ግንዱን አየች፤ የቀረውን አንድ ነጭ አበባ አየች፤ ከዚያ እኔን። «በሽታው በዘርም በነፋስም ይመጣል» አለች ቀስ ብላ። ልትረዳኝ ፈልጋ ነው፤ አፈርኩ።

መድኃኒት እንድንረጭ ነገረችን። ልትሄድ ስትል ለብቻዬ ወደ በሩ ወስዳ ሌላ መንገድ እንዳለ ነገረችኝ፤ መድኃኒቱ ካልያዘው ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ አጭዶ ማውጣት። ከላይ የሚረግፈው በሽታ አፈር ውስጥ ገብቶ ፍሬውን ሳያገኘው። ከዚያ ልጣጩ እስኪጠና ሁለት ሳምንት ሳይነኩ መተው። «ፍሬው ትንሽ ይሆናል፤ ግን ሊተርፍ ይችላል።»

ሊተርፍ ይችላል አለች እንጂ ይተርፋል አላለችም።

ማክሰኞ። 62ኛ ቀን

መርጫውን አዝዬ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ረጨሁ። በአስር ሰዓት ዝናብ ጣለና አጠበው።

ሐሙስ። 64ኛ ቀን

ደግሜ ረጨሁ። ደግሞ ዘነበ። ሰማዩን ተሳደብኩ፤ አባዬ ሰምቶ ገሠጸኝ።

ዓርብ። 65ኛ ቀን

ወንድሜ መጣ። ማን እንደነገረው አልጠየቅኩም። ማሳው ዳር ቆሞ ለረጅም ጊዜ አየ። ክፉ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ልጅ ሳለን ከኔ ጋር ረድፍ ለረድፍ ሲለቅም የነበረ ልጅ ነው፤ ሽታው ምን እንደሆነ ያውቃል።

«እህቴ፣ እንነጋገር» አለኝ። «ምርቱ ቢጠፋ ግድ የለም፤ ምርት ይመለሳል። ዘሩ ከጠፋ ግን ምን ይዘሽ ነው የምትቀጥይው? የሰው ዘር ለመዝራትማ ባለትራክተሩ አለ።»

«ዘሩ አይጠፋም።»

«እሺ። ለግማሽ ማሳ የሚሆን ንጹሕ ዘር ካወጣሽ አፌን እዘጋለሁ። ሰባት ጆንያ። ካልሆነ መሬቱን እናከራያለን፣ አንቺና አባዬ እኔ ጋ ትገባላችሁ። አባዬም ይስማ።»

አባዬ ሰማ። ራሱን ነቀነቀ። እኔም እሺ አልኩ። እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

ሰባት ጆንያ።

ቅዳሜ። 66ኛ ቀን

ዝናብ ስለሆነ ቤት ነኝ፤ ስለዚህ እጽፋለሁ።

አሁን ካላጨድኩት በሳምንት ውስጥ እስከ ላይኛው ጫፍ ይደርሳል። ካጨድኩት ደግሞ ገና ሠላሳ ቀን የቀረውን ልጅ ጡት አስጥዬ መጣል ነው። ዛሬ ሦስት ቦታ ቆፍሬ አየሁ፤ ትልቁ የዶሮ እንቁላል ያክላል፣ ብዙው ከዚያ ያንሳል። ለዘር ግን የእንቁላል ልክ ይበቃል። የሚበላውን ልተው፤ ዘሩን ልያዝ።

ለአባዬ መንገሩ ነው የከበደኝ። በዚህ ቤት አረንጓዴ ድንች ላይ ማጭድ አሳርፎ የሚያውቅ ሰው የለም። ልጅ ሆኜ በጨዋታ አንዱን ግንድ በማጭድ ስቆርጥ ያየኝ ቀን በሕይወቴ አንዴ ብቻ የገረፈኝ ቀን ነው።

ምሳ ላይ ነገርኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«አረንጓዴውን?»

«አረንጓዴውን።»

«ከየት ነው የጀመረው?»

«ከቦዩ በኩል።» ይህ እውነት ነው። የቀረውን አልነገርኩትም።

«ከቦዩ በኩል» አለ እሱም። ለረጅም ጊዜ የጠረጴዛውን ጠርዝ ሲዳብስ ቆየና፣ «ማጭዶቹ ዶልዱመዋል። ሞረዱን አምጪልኝ» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ አራቱን ማጭድ በዳሰሳ ሳለልኝ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ልነግረው አፌን ሦስት ጊዜ ከፈትኩ። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ሌላ ነገር አወራሁ።

እሁድ። 67ኛ ቀን

አጨድን። እኔ፣ ሳቂታና ሁለት የቀን ሠራተኞች። የመጀመሪያውን ረድፍ እኔ ነኝ የቆረጥኩት፤ ሌላ ሰው እንዲቆርጠው አልፈለግኩም። ጤነኛው ግንድ ሲቆረጥ ውሃ ይተፋል፤ እጄ እስከ ክርኔ ረጠበ። አለቀስኩ። ሳቂታ አይታ እንዳላየች ሆነች፤ ይህን ውለታዋን አልረሳም።

ቅጠሉን በጋሪዋ አውጥተን ርቆ ካለው ጉድጓድ ቀበርነው። ሲመሽ ማሳው ራቁቱን ቀረ።

ረቡዕ። 70ኛ ቀን

ዝናብ። አልነካሁትም።

እሁድ። 74ኛ ቀን

ወፍጮ ቤት ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዎች ከኋላዬ ያወራሉ።

«አረንጓዴ ድንች አጨደች አሉ፤ ጤነኛ ናት?»

«አባትየው ቢያይ ኖሮ አያስነካትም ነበር። አይ እሱ፤ ዓይኑ ባይጠፋ!»

ዞር ብዬ «አባትየው ነው ማጭዱን የሳለልኝ» ልላቸው ነበር። ዱቄቴን ተሸክሜ ወጣሁ። ትከሻዬ እስኪያመኝ በፍጥነት ነው የሄድኩት።

ባለትራክተሩ ደግሞ ማሳው ዳር ቆሞ በእርምጃ ሲለካ አገኘሁት። ጨዋ ሰው ነው፤ ሲያየኝ ደነገጠ። «እንዲያው እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው» አለ። «እግርህን በራስህ ማሳ አፍታታ» አልኩት።

ዓርብ። 79ኛ ቀን

ወንድሜ በስልክ «አሁን አውጪው፤ በዚህ ዝናብ እዚያው ይበሰብሳል» አለኝ። ሳቂታም እንዲያ ትላለች። እኔም ማለዳ ማለዳ ዶማ ይዤ ማሳው ራስ ላይ እቆምና እመለሳለሁ። ዛሬ አንድ ፍሬ አውጥቼ ልጣጩን በአውራ ጣቴ ፈተግኩት። ተላጠ። ገና ነው። ሁለት ሳምንት ተብያለሁ፣ ሁለት ሳምንት እጠብቃለሁ፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ሳልቸኩል ልሥራ።

ረቡዕ። 84ኛ ቀን

በአውራ ጣት ፈተግኩት፤ አልተላጠም። ቆፈርን።

ከላይኛው ጫፍ ጀመርን፤ ትናንሽ፣ ቀያይ፣ ደረቅ። አንድ ረድፍ፣ ሁለት ረድፍ፣ አስር ረድፍ። ሳቂታ እየዘፈነች ነበር። መሃል ላይ ስንደርስ የሚለሰልስ መጣ። ወደ ቦዩ ስንወርድ ዘፈኑ ተቋረጠ። ሃያ ሁለቱ ረድፍ አንድም አልተረፈም ማለት ይቻላል፤ ዶማው ሲያነሳው ውሃ ሆኖ ይፈርጣል። ሽታው ልብሴ ላይ አለ፤ ሁለት ጊዜ ታጥቤም አለ።

ሐሙስ። 85ኛ ቀን

የሆነውን እንዳለ ልጻፍ።

የተረፈውን በረንዳ ላይ አፍስሰን ለዘር ስንለይ ዋልን። አባዬ በርጩማው ላይ፣ እኔ መሬት። እሱ በጣቶቹ ነው የሚያየው፤ ትንሽ የሰረጎደ፣ ትንሽ የለሰለሰ አያልፈውም። ከሰዓት በኋላ ንጹሑ ስድስት ጆንያ ሆነ። አጠገቡ ደግሞ አንድ ጆንያ የሚያህል የሚያጠራጥር ክምር አለ። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። ወንድሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ ድንች በዓይን ቆጥሮ ይሄዳል እንጂ እየዳሰሰ አይቆጥርም። ስድስትና አንድ ሰባት ነው።

ጆንያውን አንስቼ አፉን ከፈትኩ። እጄ ክምሩ ላይ ቆመ።

ያን ጊዜ አባዬ ከእግሩ ሥር አንዲት ፍሬ አንስቶ አገላበጣት። ከኛው መካከል የተቀላቀለች ነጭ ነበረች። ልጣጯን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ የቡቃያ ዓይኖቿን ቆጠረ።

«ይቺ የኛ አይደለችም» አለ። ቁጣ የለበትም። ወደ ጎን አስቀመጣት።

ጆንያውን ጣልኩት። ሁሉንም ነገርኩት። አስራ ሁለቱን ጆንያ፣ ነጋዴውን፣ የጓሮውን በር፣ ምሳህን ብላ ያልኩትን፣ አበባውን ሳይቀር። ሳልተነፍስ ነው የተናገርኩት። «እኔ ነኝ በሽታውን ያስገባሁት። እኔ ነኝ የአያትህን ዘር የገደልኩት» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተከላው ቀን። ረድፎቹ ሁሉ ሞሉ ስትይኝ።» ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዞረ። «ሃያ ሁለቱ ባዶ መሆን ነበረባቸዋ። ሁለቱን ጆንያ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

አልገባኝም። ደግሞ ነገረኝ። እኔ ከተማ ሳለሁ ሳቂታን ጠርቶ፣ በጋሪዋ አስጭኖ፣ ለእህቱ ልኮላታል። ለላይኛዋ።

«ዓይኔ ከሄደ ወዲህ አሰብኩ» አለ። «ዘሩ ያለው አንድ ማሳ ላይ ብቻ ነው። አንድ ክፉ ዝናብ ቢመጣ አለቀ። እሷም የአባቴ ልጅ ናት፣ ዘሩ የሷም ነው። ከፍታ ላይ ናት፤ ነፋስ አላት፤ ጭጋግ አይተኛባትም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«የሷ ስም ሲነሳ ፊትሽ ምን እንደሚመስል ዓይን ባይኖረኝም ይታየኛል።»

ተናደድኩ። እውነቱን ልጻፍ፤ ከማፈሬ በፊት ተናደድኩ። ሦስት ወር ሙሉ በአንድ ጠረጴዛ ዳቦ እየቆረስን፣ እሱ የሱን ይዞ፣ እኔ የኔን ይዤ! «ብትጠይቀኝ ኖሮ እነግርህ ነበር» አልኩት።

«ብጠይቅሽ ኖሮ እኔም መናገር ይኖርብኝ ነበር» አለኝ። «ፈራሁ።»

አባዬ ፈራሁ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ለወንድሜ ደውዬ ስድስት ነው አልኩት። የሚያጠራጥረውን ክምር ደግሞ ወስጄ ቀበርኩት።

ዓርብ። 86ኛ ቀን

ኮረብታውን ወጣሁ። ስድስት ዓመት ያልሄድኩበት መንገድ ነው፤ እግሬ ግን አልረሳውም። ግማሽ ላይ ሁለቴ ተመልሼ ነበር።

ማሳዋን ከሩቅ አየሁት። ገና አረንጓዴ ነው፤ ቅጠሉ በነፋሱ ይንቀሳቀሳል፤ ጥቁር ነጥብ የለበትም። ጫፍ ጫፉ ላይ የዘገየ ወይን ጠጅ አበባ አለ። አጥሩ ሥር ትንሽ ተቀመጥኩ።

አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆይታለች። አርጅታለች። ይህን አልጠበቅኩም፤ በሐሳቤ ያስቀመጥኳት እንደዚያ ቀን ነበር።

«እንደምን አደሩ» አልኳት።

«ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ የሆንኩት? ሾምሽኝ መሰል!»

«አክስቴ፣ ያልሽው ልክ ሆነ። ማብቀል አልሆነልኝም። ዘሩ ሊጠፋብኝ ነው። ለምኚ ብለሽ እንደሆነ ይኸው መጣሁ።»

አትኩራ አየችኝ። «ከዚህ ሆኜ ማሳችሁ ፊት ለፊቴ ነው» አለች። «ነጭ አበባ አየሁ። በማግስቱ ነጩ የለም። እያበድኩ ነው ብዬ በማለዳ ወጥቼ ባይ፣ አንቺ ጎንበስ ብለሽ በሽርጥሽ ትለቅሚያለሽ! ሦስት ቀን ሙሉ ሳቅኩ። ከዚያ አረንጓዴውን ስታጭጅ አየሁ። ያን ቀን አልሳቅኩም። እኔ ብሆን እጄ እሺ አይለኝም ነበር።»

ዞሬ ማሳችንን ቁልቁል አየሁት፤ እውነትም ፊት ለፊት ነው።

«በለቅሶው ቀን ያልኩሽን» አለች፣ «እናትሽ ሞታ አንጀቴ ተቃጥሎ ነው። ቃል ደግሞ አንዴ ከወጣ ማን ይመልሰዋል። ደጄን ስትረግጪ እነግርሻለሁ ብዬ ስጠብቅ ይኸው ስድስት ዓመት!»

ከዚያ ወዲያው ወደ ራሷ ተመለሰች። ሁለቱ ጆንያ የአባትሽ ናቸው፣ ማሳዬ ሲደርስ ይመለሳሉ አለች። «ከዚያ በላይ ከፈለግሽ ግን መጥተሽ ከኔ ጋር ቆፍረሽ ነው። ወገቤን ያመኛል፤ በነጻ የሚሰጥ ድንች የለኝም።»

ቅዳሜ። 87ኛ ቀን

ወንድሜ መጣ። ስድስቱን ቆጠረ፣ የአክስቴን ሁለት በቃሏ ተቀበለ። «ከሷ ጋር ታረቃችሁ?» አለ፤ ከዘሩ ይልቅ እሱ ነው የገረመው። ስምንት ነው። አፉን ዘጋ፤ ኮቱን አውልቆ ዘሩን መደርደሪያ ላይ ሲደረድርልኝ ዋለ። ማታ ለባለትራክተሩ ደውሎ «ይቅርታ፣ እህቴ እምቢ አለች» ሲለው ሰማሁ። እህቴ ቻለች ቢል ምን ነበረበት?

የአዲሱ ተከላ ቀን

ይህን ደብተር ከከፈትኩ ቆየሁ። አክስቴ ጋ አራት ቀን ቆፍሬ አራት ጆንያ አገኘሁ፤ በየቀኑ ስሰደብ ነው የዋልኩት፤ ደግ ስድብ ነው። ከኛው ስድስት ጆንያ ውስጥ አንዱ መደርደሪያ ላይ ሳለ ተበላሽቶ አወጣሁት። አምስት የኛ፣ ሁለት የአባዬ፣ አራት የወገቤ። አስራ አንድ።

ሰኞ ዕለት ነጋዴው በራሱ መጥቶ ነበር። «ሦስት ጆንያ እንደጎደለሽ ሰምቻለሁ፤ ዘንድሮ ያመጣሁት በጣም ንጹሕ ነው» አለኝ። ሻይ አጠጥቼ ሸኘሁት።

ዘንድሮ ድንቹን ወደ ታችኛው ማሳ አዙረነዋል፤ ልኩ ያው መቶ ሃምሳ አራት ረድፍ ነው። አክስቴ ከኮረብታው ወርዳ ከአባዬ አጠገብ በርጩማ አስቀምጣ ቡቃያ ስትለይ ዋለች። ሁለቱ ስለ አንዲት ፍሬ ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። ሳቂታ ጋሪዋ ላይ ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ትስቅ ነበር።

የመጨረሻው ጆንያ ሲያልቅ ዶማዬን አስቀምጬ ወደ አባዬ ሄድኩ። በበትሩ የረድፎቹን ራስ እየነካ በዝግታ ሲሄድ ደረስኩበት።

«ረድፎቹ ሁሉ ሞሉ?» አለኝ።

«አልሞሉም፣ አባዬ። ሠላሳ ሦስቱ ባዶ ናቸው።»

ቆመ። በአየር ላይ እጁን ዘርግቶ ፈለገኝ፤ ትከሻዬን ሲያገኝ አጥብቆ ያዘው።

«ጎበዝ» አለኝ።

ከዚያ ክንዱን ይዤው ባዶዎቹን ረድፎች አብረን ቆጠርናቸው፤ ሠላሳ ሦስት ናቸው።